የወር አበባ ሲዘገይ፦ የትኛው ምርመራ፣ በየትኛው ቀን?

የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀው የትኛው የእርግዝና ምርመራ እንደሚሻል ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ የሚነከር የመመርመሪያ ወረቀት)፣ በጤና ጣቢያ የሚሠራው የሽንት ምርመራ፣ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ወይስ ጥቂት ቀን ታግሦ ማየት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ የሚወስነው ምርመራው የሚደረግበት ቀን ነው። ያለ ቀኑ የተደረገ ውድ ምርመራ በቀኑ ከተደረገ ርካሽ ስትሪፕ ያነሰ መረጃ ይሰጣል። የተጨነቀች ሴት ገንዘቧንም እንቅልፏንም የምታጣው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ምንም ሊታይ በማይችልበት ቀን ትመረመራለች፣ «የለም» ትባልና ትረጋጋለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ አማራጮቹ የሚነጻጸሩት ከቀን አቆጣጠር ተነሥቶ ነው።

ዘገየ የሚባለው መቼ ነው?

የወር አበባ ዑደት የሚቆጠረው ደም መታየት ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ቀጣዩ ደም እስከሚጀምርበት ቀን ድረስ ነው። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን የሚደርስ ዑደት ጤናማ ነው፤ የወር አበባ ማየት ከጀመረች ጥቂት ዓመታት ብቻ ለሆናት ልጃገረድ ደግሞ እስከ 45 ቀን መርዘሙ እንግዳ ነገር አይደለም። የአንዲት ሴት ዑደትም ቢሆን ከወር ወር በጥቂት ቀናት ስለሚለዋወጥ፣ የሁለት ወይም የሦስት ቀን መዘግየት ብቻውን ብዙ አይናገርም።

በእኛ ዘንድ ልብ የማይባል አንድ የአቆጣጠር ስሕተት አለ። ብዙ ሴቶች የወር አበባቸውን የሚያስታውሱት በቀኑ ቁጥር ነው፤ «የእኔ ሁልጊዜ በ12 ነው የሚመጣው» ይላሉ። የኢትዮጵያ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ፣ ይህ አነጋገር የሚሠራው ዑደቷ ልክ 30 ቀን ለሆነ ሴት ብቻ ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ጥቅምት 12 ካየች ቀጣዩን መጠበቅ ያለባት ኅዳር 10 ነው፤ ከዚያ ደግሞ ታኅሣሥ 8። ጳጉሜን ስትገባ ልዩነቱ ይሰፋል። የ30 ቀን ዑደት ያላት ሴት ነሐሴ 10 ካየች፣ ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት ቀጣዩ መስከረም 5 ይሆናል። ይህች ሴት መስከረም 10ን የምትጠብቅ ከሆነ፣ ገና ቀኑ አልደረሰም ብላ በምታስብበት ሰዓት አምስት ቀን አልፏታል ማለት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ እህቶችም አንዱን ወር በኢትዮጵያ፣ ሌላውን በፈረንጆች አቆጣጠር እየያዙ ቁጥሩ ይምታታባቸዋል። የቀኑን ቁጥር ከማስታወስ ይልቅ ቀናቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ በስልክ ወይም በደብተር መመዝገብ ይሻላል።

ዑደቷ ፈጽሞ ለማይገመት ሴት «ዘገየ» የሚለው መለኪያ አይሠራም። እሷ መቁጠር ያለባት ያለ መከላከያ ግንኙነት ካደረገችበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ 21 ቀን ካለፈ በኋላ የተደረገ የሽንት ምርመራ አስተማማኝ ነው። ይህ የ21 ቀን መለኪያ ከዚህ በታች ተደጋግሞ ስለሚመጣ ልብ ይባል።

ምርመራው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ከአልትራሳውንድ በስተቀር ሁሉም ምርመራዎች የሚፈልጉት ኤችሲጂ የተባለውን ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ወደ እናትየው ደምና ሽንት መግባት የሚጀምረው የዳበረው እንቁላል በማህፀን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው። እንቁላል የሚለቀቀው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ሲሆን፣ ከዳበረ ለመጣበቅ ከ6 እስከ 12 ቀን ይወስድበታል። የወንድ ዘር በሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ግንኙነት የተደረገበት ቀንና ጽንስ የተፈጠረበት ቀንም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ቀናት ሲደመሩ፣ ግንኙነት በተደረገ በሳምንቱ የሚደረግ ምርመራ ለምን ምንም እንደማይናገር ግልጽ ይሆናል።

ከተጣበቀ በኋላ የሆርሞኑ መጠን በየሁለትና ሦስት ቀኑ በእጥፍ ያድጋል። ከፋርማሲ የሚገዛው አብዛኛው ስትሪፕ ሆርሞኑን መለየት የሚችለው መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት ገደማ ሲደርስ ነው። ዛሬ መጠኑ 10 ለሆነ ሴት ስትሪፑ አንድ መስመር ብቻ፣ ማለትም «የለም»፣ ያሳያታል፤ ከሁለት ቀን በኋላ 20፣ ከአራት ቀን በኋላ 40 ሲደርስ ያው ስትሪፕ ሁለት መስመር፣ ማለትም «አለ»፣ ያወጣል። አንድ ጊዜ «የለም» ያለ ምርመራ በሳምንቱ መደገም አለበት የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከፋርማሲ የሚገዛው ስትሪፕ

ለአብዛኞቹ ሴቶች የመጀመሪያው ምርጫ መሆን ያለበት ይህ ነው፤ እኔም ያለ ማመንታት የማስቀድመው እሱን ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ የሐኪም ትእዛዝ አይጠይቅም፣ ስም አይመዘገብም፣ ውጤቱን መጀመሪያ የምታየው ራሷ ሴቲቱ ናት። የወር አበባው ይመጣል ከተባለበት ቀን አንድ ሳምንት አልፎት በአግባቡ ከተሠራ የሚሰጠው መልስ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎበት ከሚሠራው ምርመራ መልስ እምብዛም አይለይም።

ማሸጊያው ላይ «99 በመቶ ትክክለኛ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ ቁጥር የተገኘው በላቦራቶሪ ሁኔታ ስለሆነ እንዳለ መወሰድ የለበትም። ከ10 እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ፣ የወር አበባው በሚጠበቅበት ቀን የዳበረው እንቁላል ገና አልተጣበቀም፤ በዚያ ቀን ሊያገኘው የሚችል መሣሪያ በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ በቀረበት ቀን የተገኘ ሁለት መስመር ይታመናል፤ በዚያው ቀን የተገኘ አንድ መስመር ግን ገና ውሳኔ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንና ማሸጊያው አለመቀደዱን ማየት ያስፈልጋል፤ እርጥበት የገባበት ስትሪፕ አይሠራም። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ሌሊቱን የተጠራቀመ ስለሆነ ሆርሞኑ በብዛት ይገኝበታል፤ በተለይ ቀኑ ገና ከሆነ ሌላ ሽንት መጠቀም አይመከርም። ሽንት እንዲመጣ ተብሎ ብዙ ውኃ መጠጣትም ሆርሞኑን ያቀጥነዋል። ሽንቱ በንጹሕና ደረቅ ዕቃ ይያዛል፤ ስትሪፑ ቀስቱ ወደ ታች ሆኖ፣ ከተሰመረው ገደብ ሳያልፍ፣ ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ያህል ሰከንድ ይነከርና ደረቅ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ከዚያ ሰዓት ይያዛል። የአብዛኛው ስትሪፕ ውጤት የሚነበበው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ 10 ደቂቃ ካለፈው አይነበብም።

ከላይ ያለው መስመር የመቆጣጠሪያ መስመር ነው። እሱ ብቻ ከታየ ሆርሞኑ አልተገኘም። እሱ ራሱ ካልታየ፣ ሌላኛው ቢታይም ባይታይም ስትሪፑ ተበላሽቷልና በአዲስ ይደገማል። ሁለቱም ከታዩ እርግዝና አለ። ብዙ ሴቶችን ግራ የሚያጋባው ሁለተኛው መስመር ፈዝዞ ሲታይ ነው። በተወሰነው ደቂቃ ውስጥ የወጣና ቀለም ያለው መስመር፣ የቱንም ያህል ቢፈዝ፣ አለ ማለት ነው፤ የደመቀ መስመር ካልሆነ አይቆጠርም የሚባለው ትክክል አይደለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከቆሻሻ መጣያ ተነሥቶ ሲታይ የሚገኝ ግራጫ ጥላ ግን ሽንቱ ሲደርቅ የሚተወው ምልክት ስለሆነ አይቆጠርም። ጥርጣሬ ካለ መስመሩን በብርሃን ላይ እያዞሩ ከመመርመር ይልቅ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ በጠዋት ሽንት መድገም ይሻላል፤ እርግዝና ካለ መስመሩ ደምቆ ይወጣል።

በዓይነቶቹ መካከል ስላለው ልዩነት ረጅም ነገር መናገር አያስፈልግም። ተራው ስትሪፕ፣ በጠብታ የሚሠራው የፕላስቲክ ካሴት፣ በቀጥታ የሚሸናበትና ውጤቱን በቃል የሚያሳየው ዲጂታል የሚለያዩት በዋነኛነት በአጠቃቀም ምቾትና በዋጋ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ርካሽ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሚገኘው ተራ ስትሪፕ ከውዱ ያነሰ እምነት ሊጣልበት አይገባም። ለአንድ ዲጂታል በሚወጣው ገንዘብ ሁለት ስትሪፕ ገዝቶ በሳምንት ልዩነት መጠቀም የበለጠ ያዋጣል።

በጤና ተቋም የሚሠራው የሽንት ምርመራ

ካርድ አውጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ሽንት ሰጥታ ውጤቷን ከላቦራቶሪ የተቀበለች ሴት የተሻለ ምርመራ እንዳደረገች ታስባለች። ምርመራው ግን ብዙውን ጊዜ ከፋርማሲ የሚገዛው ስትሪፕ ራሱ ነው። ልዩነቱ የሚያነበው ሰው የለመደ መሆኑና ከውጤቱ በኋላ የሚያማክር ባለሙያ እዚያው መኖሩ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የተጻፈ ውጤት ለሚያስፈልጋት፣ ቤቷ ውስጥ ስትሪፕ ይዞ መገኘት ችግር ለሚያመጣባት፣ ወይም ውጤቱን ለብቻዋ ማየት ለሚያስፈራት ሴት ይህ አማራጭ ይመረጣል።

አንዳንድ ልጃገረዶች የሰፈራቸውን ጤና ጣቢያ የሚሸሹት የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነው። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም መፍትሔው ምርመራውን መተው ሳይሆን ሌላ ክፍለ ከተማ ወይም ሌላ ከተማ ያለ ተቋም መሄድ ነው። ለወጣቶች የተለየ ክፍል ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርና ቀድሞ ማሪ ስቶፕስ ይባል የነበረው የኤምኤስአይ ክሊኒኮችም በዚህ ሥራ ላይ ለረጅም ዓመታት የቆዩ ናቸው።

የደም ምርመራ

የደም ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ የሚል ሲሆን፣ ሌላው የሆርሞኑን መጠን በቁጥር የሚያስቀምጥ ነው። በቁጥር የሚለካው 5 የደረሰን መጠን እንኳ ስለሚያገኝ ከስትሪፕ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ሊናገር ይችላል። ጥያቄው እነዚያ ጥቂት ቀናት ተጨማሪውን ወጪ ይገባቸዋል ወይ የሚለው ነው። ጤናማ ለሆነችና ሕመም ለሌላት ሴት፣ በእኔ አስተያየት፣ አይገባቸውም። ቀድሞ የተገኘ እርግዝና ሁሉ የሚቀጥልም አይደለም፤ በጣም ከጅምሩ የሚቋረጡ እርግዝናዎች ብዙ ናቸው፤ ሴቲቱ ቀድማ ባትመረመር ኖሮ የወር አበባዋ ጥቂት ዘግይቶ እንደመጣ ብቻ ታውቅ ነበር።

የደም ምርመራ በእርግጥ የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉ። ከዚህ በፊት ከማህፀን ውጪ እርግዝና ያጋጠማት፣ ተደጋጋሚ ውርጃ የደረሰባት፣ ለመካንነት ሕክምና ላይ ያለች፣ ወይም ስትሪፑ ሁለት መስመር አሳይቷት ሳለ ደም የሚያያት ሴት በቁጥር የሚለካውን መምረጥ አለባት። እዚህ ላይ አንድ ውጤት ብቻውን ብዙ ጥቅም የለውም፤ ከ48 ሰዓት በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ ይደገምና ሁለቱ ቁጥሮች ይነጻጸራሉ። ቁጥሩ በሚገባው መጠን ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ ሐኪሙ ከማህፀን ውጪ እርግዝናን ወይም ውርጃን ይጠረጥራል። ላቦራቶሪ መቀያየር ንጽጽሩን ስለሚያበላሽ አንድ ቦታ መጽናት ያስፈልጋል።

አልትራሳውንድ

በከተሞቻችን የግል ክሊኒኮች አልትራሳውንድ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ የወር አበባዋ በዘገየ በሦስተኛው ቀን አልትራሳውንድ የምትነሣ ሴት ጥቂት አይደለችም። ይህ የማልደግፈው ምርጫ ነው። በብልት በኩል በሚደረገው አልትራሳውንድ የጽንሱ ከረጢት መታየት የሚጀምረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተቆጥሮ 5 ሳምንት ገደማ ሲሆን ነው፤ የልብ ምት 6 ሳምንት ገደማ ላይ ይታያል። በሆድ ላይ የሚደረገው ደግሞ አንድ ሳምንት ያህል ይዘገያል። ከዚያ በፊት የተነሣች ሴት «ማህፀንሽ ባዶ ነው» ትባላለች፤ ከዚያም ወይ አላረገዝኩም ብላ ተረጋግታ ትሄዳለች፣ ወይ ስትሪፑ ላይ ሁለት መስመር አይታ ስለነበር ጽንሱ ጠፋ ብላ ትሸበራለች። ሁለቱም መደምደሚያዎች ልክ ላይሆኑ ይችላሉ።

አልትራሳውንድ ተገቢ የሚሆነው እርግዝናው በሽንት ወይም በደም ከተረጋገጠ በኋላ፣ ቦታውንና ዕድሜውን ለማወቅ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ለማታስታውስ ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረገው መለኪያ የመውለጃ ቀንን በመገመት ረገድ ኋላ ከሚደረገው ይበልጣል።

የዕድሜውን አቆጣጠር በተመለከተ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ሐኪሞች የእርግዝናን ዕድሜ የሚቆጥሩት ጽንስ ከተፈጠረበት ቀን ሳይሆን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ በዚህም የተነሣ ሁለት ሳምንት ያህል ይጨመርበታል። ባሏ ከመንገድ ከተመለሰ አራት ሳምንት ብቻ የሆነው ሴት ወረቀቷ ላይ «6 ሳምንት» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በዚህ ቁጥር ምክንያት ትዳር ውስጥ ጥርጣሬ ገብቶ ሰላም ሲደፈርስ ማየት ያሳዝናል፤ ቁጥሩ ግን ልክ ነው፣ ሴቲቱም ንጹሕ ናት። ሐኪሙ ወይም አዋላጇ ይህን ለባልና ሚስቱ በአንድነት ቢያስረዱ ብዙ እንባ ይቀር ነበር።

ከምርመራ የማይቆጠሩ

ሽንት ላይ ጨው፣ ስኳር ወይም የጥርስ ሳሙና ጨምሮ አረፋውን ማየት በማኅበራዊ ሚዲያ ተስፋፍቷል። አንዱም ኤችሲጂን አያገኝም። ማቅለሽለሽ፣ የጡት መወጠር፣ ድካምና ቶሎ ቶሎ መሽናትም የወር አበባ ሊመጣ ሲል ከሚታዩት ስሜቶች ጋር ስለሚመሳሰሉ ብቻቸውን መለያ ሊሆኑ አይችሉም። በሌላ በኩል፣ ጥቂት ደም መታየቱ እርግዝና እንደሌለ ማረጋገጫ አይደለም፤ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ነጠብጣብ ደም የሚያያቸው ሴቶች አሉ። ከወትሮው ያነሰና ቶሎ የቆመ ደም ያየች ሴት መመርመር ይኖርባታል።

«የወር አበባ ያመጣል» ተብሎ የሚሰጥ ቅጠል፣ ኮሶ፣ ወይም የወባ ክኒን በብዛት መዋጥ ፈጽሞ መሞከር የለበትም። ክሎሮኪን የተባለው የወባ ክኒን ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን አቁሞ ይገድላል።

በየሁኔታው የቱ ይመረጥ?

ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ ማለትም በተለምዶ ፖስትፒል የሚባለውን የወሰደች ሴት የወር አበባዋ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ መድኃኒቱ ራሱ ቀኑን ያዛባዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን መደናገጥ አያስፈልግም። ከተጠበቀው ቀን ከ7 ቀን በላይ ካለፈ፣ ወይም ግንኙነቱ ከተደረገ 21 ቀን ከሞላው በስትሪፕ መመርመር በቂ ነው። ክኒኑ ከተወሰደ በኋላ የተደረገ ሌላ ግንኙነት ካለ ግን 21 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያኛው ነው፤ የተወሰደው ክኒን ወደፊት ለሚደረገው ግንኙነት ከለላ አይሆንም።

የሦስት ወር መርፌ ተጠቃሚ ስትሆን የወር አበባ መቅረቱ የመድኃኒቱ የታወቀ ውጤት ነው። ቀጠሮዋን ጠብቃ የምትወጋ ሴት በየወሩ ስትሪፕ መግዛት አያስፈልጋትም። ከቀጠሮዋ አራት ሳምንት በላይ አሳልፋ ግንኙነት ካደረገች ግን መመርመር አለባት። መርፌውን ካቆመች በኋላም የወር አበባው ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ እስኪመለስ ድረስ ግን ማርገዝ አልችልም ብላ መዘናጋት የለባትም። በክንድ የሚቀበረውም እንዲሁ ዑደትን ያዛባል። ሉፕ ያስገባች ሴት ሁለት መስመር ካየች ደግሞ ጉዳዩ ይለያል፤ ሉፕ እያለ የሚፈጠር እርግዝና በጣም ጥቂት ቢሆንም ከተፈጠረ ከማህፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ወዲያው አልትራሳውንድ መነሣት አለባት።

ጡት የምታጠባ እናት ከሁሉም ይልቅ ትታለላለች። ልጁ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነና የወር አበባዋ ካልተመለሰ ማጥባት ከ98 በመቶ በላይ ከእርግዝና ይከላከላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ከለላው ይላላል። እንቁላል የሚለቀቀው ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊት ስለሆነ፣ ከወሊድ በኋላ አንድም ጊዜ ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። ለእሷም የ21 ቀኑ መለኪያና ስትሪፑ በቂ ናቸው።

በቅርቡ ያስወረዳት ወይም ጽንስ ያቋረጠች ሴት ሆርሞኑ ከደሟ ጠርቶ እስኪወጣ ሳምንታት ስለሚወስድ ስትሪፕ ሁለት መስመር ሊያሳያት ይችላል። ይህ አዲስ እርግዝና ነው ወይስ የቀረ ነገር የሚለውን መለየት የሚቻለው በቁጥር በሚለካ የደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ነው።

በመካከለኛው ምሥራቅ በቤት ሠራተኛነት የሚኖሩ እህቶች ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንድ የገልፍ አገሮች ከጋብቻ ውጪ የተፈጠረ እርግዝና የሕግ ጣጣ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ምርመራ ከፋርማሲ የሚገዛው ስትሪፕ ይመረጣል፤ ውጤቱም በአሠሪ ስልክ ፎቶ ተነሥቶ መላክ የለበትም። ቀጥሎ የሚጠቀሰው የአደጋ ምልክት ከታየ ግን ሆስፒታል ከመሄድ የሚያስቀር ምንም ምክንያት የለም።

ምርጫ የማይቀርብበት ሁኔታ

በአንድ ጎን የበረታ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት፣ ከዚህም ጋር የዘገየ የወር አበባ ወይም የደም መፍሰስ ከተገናኙ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ጽንሱ ያለበት ቱቦ ከፈነዳ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ ከብልት የሚታየው ጥቂት ነው፤ ሴቲቱ ግን በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በዚህ ጊዜ ስትሪፕ ፍለጋ ፋርማሲ መዞር፣ የነገን ጠዋት ሽንት መጠበቅ ወይም ማስታገሻ ውጦ መተኛት አይገባም፤ በሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

«አለ» ከተባለ

እርግዝናው የሚፈለግ ከሆነ የመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ከ12 ሳምንት በፊት መጀመር አለበት። የፎሊክ አሲድ ክኒን በቀን 400 ማይክሮግራም መውሰድ ወዲያው ይጀመራል፤ ጥቅሙ የጽንሱ የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ላይ በመሆኑና ይህም የሚከናወነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ለሌላ ሕመም የምትወስደው መድኃኒት ካለ ለሐኪሟ ትናገር፤ በራሷ ውሳኔ ግን አታቋርጥ። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል።

እርግዝናው ያልተፈለገ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ማባከን አደጋውን ያበዛዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በተወሰኑ ሁኔታዎች ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ እነዚህም እርግዝናው በመደፈር ወይም በሥጋ ዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናትየውን ሕይወት ወይም ጤና፣ ወይም የጽንሱን ሕይወት የሚያሰጋ ሲሆን፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር ናቸው። የተደፈረች ሴት ይህንኑ መናገሯ በቂ ነው፤ የፖሊስ ማስረጃ አምጪ ልትባል አይገባም። ከጤና ተቋም ውጪ የሚደረገው ግን ማህፀንንም ሕይወትንም ያሳጣል።

«የለም» ተብሎ ደሙም ካልመጣ

በሳምንት ልዩነት የተደረጉ ሁለት ምርመራዎች «የለም» ካሉና 21 ቀኑ ካለፈ፣ እርግዝና አለመኖሩን ተቀብሎ ምክንያቱን ወደ መፈለግ መሄድ ይገባል። ከባድ ጭንቀት፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ክብደት መቀነስ ወይም መጨመር፣ አድካሚ ስፖርት፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የወር አበባን ያስቀራሉ። ፊት ላይ ፀጉር ከበዛና ብጉር ከበረታ፣ ዑደቱም ከድሮ ጀምሮ የተራራቀ ከሆነ የእንቁላል ማምረቻ የሆርሞን መዛባት ይጠረጠራል። ጡት ሳታጠባ ወተት የሚወጣት፣ ወይም የራስ ምታትና የዓይን ብዥታ የጨመረባት ሴት ሳትዘገይ መታየት አለባት፤ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን መብዛቱን ደም ውስጥ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ በፊት በሥርዓት ይመጣላት ለነበረ ሴት ሦስት ወር፣ ድሮም ለሚዛባባት ስድስት ወር ከቀረ የማህፀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ዕድሜዋ 45 ያለፈ ሴት ማረጥ እየመጣ ነው ብላ መገመቷ ምክንያታዊ ነው፤ ሆኖም ሙሉ አንድ ዓመት ያለ ደም እስኪያልፍ ድረስ ማርገዝ ስለሚቻል እሷም መጀመሪያ በስትሪፕ ትመርመር።